«ቆሻሻው እየወጣ ነው» ሲሏችሁ ክኒኑን አቁሙ

ጎበዝ፣ ይቺን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አንገራገርሁ። ተበላሁ ብሎ ማውራት ያሳፍራል። ትናንት ግን ፍኖተ ሰላም ያለው የአክስቴ ልጅ እኔ የተበላሁበትን ያንኑ የ«ጉበት ማጽጃ» ክኒን ማስታወቂያ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ ላከልኝ። ዝም ማለት አልቻልሁም።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። 55 ቀን ጾመን ፋሲካ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዶሮው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ጠላው፣ አረቄው፣ ዳግማ ትንሣኤ አልፎም እዚያው ነበርን። ሆዴ ተነፋ፣ ድካም ድካም አለኝ። በዚያ ሰሞን ቲክቶክ ላይ «ጉበትዎን በ10 ቀን ያጽዱ» የሚል ቪዲዮ ሲመላለስብኝ ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ። ቴሌግራም ገባሁ፣ 3,800 ብር በቴሌብር ላክሁ፣ ዕቃው በሚኒባስ ረዳት እጅ መጣ። ሻጯን ደረሰኝ ስጠይቃት «ወንድምዓለም፣ እመነን እንጂ» አለችኝ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ካፕሱል፣ ምንም ያልተጻፈበት ፌስታል የታሰረ ነጭ ዱቄት፣ አንድ ከረጢት ደግሞ ሻይ ቅጠል የሚመስል ነገር አለ። ብልቃጡ ላይ አረንጓዴ ሻይና እርድ ይላል። ስንት ሚሊግራም እንደሆነ የለም። ተለጣፊው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተነስቶ ነበር፤ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ሌላ ተለጣፊ ወጣ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውም ያለፈ። ይህን ያየሁት ግን ከታመምሁ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ማን ብልቃጥ ይፍቃል?

ሁለተኛው ቀን ከሽንት ቤት አልወጣሁም። ጻፍሁላት፤ «ቆሻሻው እየወጣ ነው» አለች። አራተኛው ቀን ያቅለሸልሸኝ ጀመር፣ ቆዳዬን ሲያሳክከኝ ያድራል። «እሰይ፣ መርዙ በቆዳህ እየወጣ ነው»። ዘዴያቸው እንግዲህ ይሄ ነው። ከተሻለህ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ከባሰብህም መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ በየትኛውም በኩል አይሸነፉም። ፋርማሲ የሚሠራ ጓደኛዬ ነጩን ዱቄት ቀምሶ ምራቁን እየተፋ «የሚያስቀምጥ ጨው ነው፣ ይሄ ከጉበት ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ሲቀመጡ ቢያንስ የወጣውን ትል ያዩታል።

ስድስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ቡና እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝና ስኒውን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ዐይንህ ምን ሆነ? የወፍ በሽታ ነው እኮ ይሄ!» ሽንቴ ኮካ ከመሰለ ሁለት ቀን አልፎት ነበር፤ እኔ የሻዩ ቀለም ነው ብዬ ነው። ሴትዮዋ አሁንም «አሁን እንዳታቋርጥ፣ በአሥረኛው ሌሊት ዘይትና ሎሚ ጠጥተህ ጠጠሩ ሲወጣ ራስህ ታየዋለህ» ብላ አረንጓዴ ድብልብል ነገር በፎቶ ላከችልኝ። ይሄም የቆየ ማታለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እንዲህ አድርጋ «ጠጠር» ያስወጣች ሴት ጉዳይ አውጥቶ ነበር፤ ላብራቶሪ ሲያየው ከጠጣችው ዘይትና ሎሚ ሆዷ ውስጥ የተሠራ ሳሙና ሆኖ ተገኘ።

ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ወስደሃል?» ብሎ ነው። ኤኤልቲ የሚሉት የጉበት ምርመራ ከ40 አካባቢ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ የእኔ 612። የጉበት ቫይረሶቹን መረመሩኝ፣ የለብኝም። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ «ያቺ ካፕሱል ናት» ብሎ አልማለልኝም፤ ሁሉንም አስቆመኝ፣ አረቄውንም ጭምር፣ በየሳምንቱ ደም እየሰጠሁ በአምስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወረደ።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርግሃል» ትላችሁ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ። ጣና ላይ ዓሣ የሚያሰክሩበት ብርብራም ተፈጥሯዊ ነው። አረንጓዴ ሻይን በስኒ ብትጠጡት ችግር የለውም። ተጨምቆ በክኒን ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የሚባለው ንጥረ ነገሩ በክኒን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት እንደሚያሳይ ገልጿል። እርድም እንዲሁ ነው፤ ወጥ ውስጥ ያለው ሌላ፣ በካፕሱል ታምቆ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበት ሌላ፤ ቁንዶ በርበሬው ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይጨምረዋል። ለ10 ቀን ብቻ ነው ማለትም ዋስትና አይደለም፣ እኔን ስድስት ቀን በቅቶኛል።

ጉበት ሲሠራ የሚውለው ማጣራት ነው፣ እሱን የሚያጥብ ክኒን አያስፈልገውም። በተለይ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ሐኪም ሳታማክሩ ይሄን ነገር አትንኩት። ለራስ ምታት ብላችሁ ፓራሲታሞል የምትደራርቡም አላችሁ፤ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን አይበልጥም፣ አረቄ ለሚያዘወትር ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የጀመራችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አቁሙ። ዐይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ቆዳ ካሳከከ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ካለ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ታዩ። ብልቃጡን አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 በነፃ ደውሎ መጠቆም ይቻላል፤ እኔ ደውያለሁ።

ብሬን ስጠይቃት ብሎክ አደረገችኝ። ቻናሉ ስሙን ቀይሮ ተመልሷል፣ ዋጋውም 4,500 ገብቷል። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ እሱን ነው። የቢጫ ዐይኔን ፎቶ መለስሁለት።