ባለ ፎቅ አውቶብስ ወይስ ተራው? ለድሬና ለሐረር ለምትገዙ

ሰሞኑን ገንዘብ አዋጥተው አውቶብስ ሊገዙ የተነሱ ጓደኞቼ «አቦ፣ የቱ ይሻለናል?» ብለው ያዙኝ። አንዱ አዲስ አበባ በባለ ፎቁ ተሳፍሮ ልቡ እዚያው ቀርቷል። እኔም ባለ ፎቅ አውቶብስ ነፍሴ ነው። ግን ብር የሚወጣበት ነገር ስለሆነ ልክ ልኩን ልንገራችሁ።

በወንበር ከሄድን ባለ ፎቁን የሚስተካከለው የለም። 12 ሜትር የሚረዝም ተራ የከተማ አውቶብስ ወደ 40 ሰው ቢያስቀምጥ ነው፤ ሌላው ይቆማል። ሩትማስተር የሚባለው የለንደኑ ባለ ፎቅ ግን ርዝመቱ 8.4 ሜትር ገደማ ሆኖ 64 ወንበር ነበረው። ነገሩ የተጀመረውም በቦታ ጥበት ነው። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለንደንና ፓሪስ ውስጥ በፈረስ የሚጎተተው ኦምኒባስ ሲሞላ ሰው ጣሪያው ላይ ይወጣ ነበር። ባለቤቶቹ አግዳሚ ወንበር ሠሩለት። ፓሪስ ላይ የጣሪያው ሒሳብ የውስጡ ግማሽ ነበር፤ ፀሐይም ዝናብም አለበታ! ሙምባይ በ1937፣ ሆንግ ኮንግ በ1949 ባለ ፎቁን ያስገቡት መንገዳቸው በሰው የተጨናነቀ ስለነበረ ነው።

«አይገለበጥም?» ላላችሁኝ፦ እንግሊዞች ላይኛውን ፎቅ ብቻ ሰው በሚያህል ክብደት ሞልተው አውቶብሱን 28 ዲግሪ ያጋድሉታል። እዚያ ድረስ ካልወደቀ ያልፋል። ሞተሩም ጎማውም ታች ስለሆነ ክብደቱ ያለው እግሩ ላይ ነው። ፈተናው ግን ቆሞ ነው። የደንገጎ ጥምዝ ላይ ሾፌር ሲቸኩል ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ለድሬ–ሐረር መስመር ተራውን ግዙ፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አይገቡም፤ እዚያ ባጃጅ ይበቃል።

ድሬ ውስጥስ? ባለ ፎቁ ቁመቱ 4.4 ሜትር ይደርሳል፤ ተራው 3 ሜትር ከምናምን ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚራ ላይ ፍራሽ ቆልሎ የጫነ አይሱዙ ቅርንጫፍ ሥር ሲያልፍ አየሁ። ላይኛው ፍራሽ ተሰነጠቀ፣ ቅጠሉ እንደ ዝናብ ወረደ። በፍራሹ ቦታ የፊት መስታወት ቢሆን ብላችሁ አስቡት። ሙቀቱም አለ። ቀን በስድስት ሰዓት የድሬ ፀሐይ የሚያርፈው በቀጥታ ላይኛው ጣሪያ ላይ ነው። ያለ ጥሩ ኤሲ ማንም አይወጣም፣ ኤሲው ደግሞ ነዳጅ ይበላል።

ደረጃውንም አትርሱ። ከቀፊራ ገበያ ጆንያ ይዛ የተሳፈረች እናት ለሁለት ፌርማታ ብላ ፎቅ አትወጣም። ታች ትታጨቃለች፣ ላዩ ባዶውን ይሄዳል። መውጣት መውረዱ በበዛበት መስመር ሁለት ሰፊ በር ያለው ተራ አውቶብስ ቶሎ ይመላለሳል።

ባለ ፎቁ የሚያዋጣው ሰው በተመሳሳይ ሰዓት ተሳፍሮ በአንድ ቦታ ለሚወርድበት ሥራ ነው። ወደ መልካ ጀብዱ በኩል የፋብሪካ ሠራተኛ ማመላለስ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ኮንትራቱን ካገኛችሁ ባለ ፎቁን ግዙ፤ ካላገኛችሁ ሁለት ተራ ይሻላችኋል። አንዱ ጋራዥ ቢገባ እንኳ ሌላው ይሠራል።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን መንገዱን እንለካ። ረጅም ሸንበቆ ላይ 4.4 ሜትር ምልክት አድርጌበታለሁ። እሁድ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከሳቢያን እንነሳና እያንዳንዱን ሽቦና ቅርንጫፍ እንየው።