ኤክስፐርት ኤችፒቪ ካርትሪጅ፦ ቫይረሱን በአንድ ሰዓት ይለያል፣ ቁስሉን ግን አያይም

ኢትዮጵያ ውስጥ ጂንኤክስፐርት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቲቢ ነው። ያው ማሽን ካርትሪጁ (ናሙናው የሚጨመርበት የአንድ ጊዜ መያዣ) ሲቀየርለት የማህፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ይመረምራል። የሴፊድ ኩባንያ ምርት የሆነው ኤክስፐርት ኤችፒቪ የዓለም ጤና ድርጅትን ቅድመ ብቃት ማረጋገጫ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማሽኑን ብዙ ላብራቶሪ ስለሚያውቀው እዚህ የምንመዝነው ካርትሪጁን ነው።

ካርትሪጁ የሚፈልገው ኢ6 እና ኢ7 የተባሉትን የቫይረሱን ጂኖች ነው። ምርጫው ተገቢ ነው። ኢ6 ፒ53 የተባለውን የሴል ጠባቂ ፕሮቲን ያስፈርሳል፤ ኢ7 ደግሞ የሴል መራባትን የሚገታውን «አርቢ» (Rb) የተባለ ፕሮቲን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ቫይረሱ ከሰው ክሮሞዞም ጋር ሲቀላቀል እንደ ኤል1 ያሉ ክፍሎቹ ሊቆረጡና ሊጠፉ ይችላሉ፤ ካንሰሩን የሚያንቀሳቅሱት ኢ6 እና ኢ7 ግን ይቀራሉ። ኤል1ን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ እዚህ ላይ ሊሳት ይችላል።

14 የቫይረስ ዓይነቶች በ5 ቻናል (ማሽኑ ለይቶ በሚያነባቸው የብርሃን ሲግናሎች) ይነበባሉ። ኤችፒቪ 16 ለብቻው፤ 18 እና 45 አንድ ላይ፤ ሦስተኛው ቻናል 31፣ 33፣ 35፣ 52 እና 58፤ አራተኛው 51 እና 59፤ አምስተኛው 39፣ 56፣ 66 እና 68። ቅደም ተከተሉ ከአደጋው ክብደት ጋር ከሞላ ጎደል ይሄዳል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። 66 በካንሰር አምጪነቱ አጠራጣሪ ከሆኑት ስለሚመደብ በአምስተኛው ቻናል ብቻ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት 16 ከተገኘባት ሴት ጋር እኩል መደንገጥ የለባትም። ችግሩ የሚታተመው ውጤት ነው፦ 16ን እና 18/45ን ለይቶ ከጻፈ በኋላ የቀሩትን 11 ዓይነቶች «ሌሎች» ብሎ በአንድ ከረጢት ይጨምራቸዋል። ማሽኑ እያወቀ ወረቀቱ አይናገርም። ለአፍሪካ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ 35 ከሌላው ዓለም ይልቅ በአፍሪካ ሴቶች ካንሰር ውስጥ ያለው ድርሻ ከፍ ያለ ነው፣ ዘጠኝ ዓይነት ቫይረስ የሚከላከለው ክትባትም አይሸፍነውም። ስለዚህ የላብራቶሪ ባለሙያው የዝርዝር ገጹን ከፍቶ የትኛው ቻናል እንደተነሳና የሲቲ ዋጋው (ቫይረሱ እስኪታይ ዘረመሉ የተባዛበት ዙር ቁጥር) ስንት እንደሆነ መዝገብ ላይ ቢያሰፍር ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። የሲቲ ቁጥር ሲያንስ ቫይረሱ በዝቷል ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቻናሎች ብቻ መውሰድና የሲቲ መቁረጫውን ማጥበቅ ያለአግባብ የሚታከሙ ሴቶችን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን አገራዊ መመሪያ የሚወስነው እንጂ አንድ ላብራቶሪ በራሱ ፈቃድ የሚቀይረው ነገር አይደለም።

ሌላው የወደድነው ነገር ኤችኤምቢኤስ የተባለውን የሰው ጂን አብሮ መፈለጉ ነው። ናሙናው ውስጥ በቂ የሰው ሴል ከሌለ «ኢንቫሊድ» (ውጤት የለም) ይላል። ይህ መቆጣጠሪያ የሌላቸው ምርመራዎች ባዶ ብሩሽንም «ኔጋቲቭ» ብለው ያሰናብታሉ።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላብራቶሪው በፊት ይጀምራል። ናሙናው የሚወሰደው ቁስልን በዓይን ለማየት የሚቀባው አሴቲክ አሲድ ከመቀባቱ በፊት ነው። የብሩሹ መካከለኛ ረጃጅም ፀጉሮች ወደ ማህፀን በር ቦይ ገብተው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ 5 ጊዜ ይዞራሉ። ከዚያ ብሩሹ 20 ሚሊ ሊትር ፕሪዘርቭሳይት የተባለ የናሙና ማቆያ ፈሳሽ በያዘው ብልቃጥ ታች 10 ጊዜ ተጭኖ፣ በደንብ ተሽከርክሮ ይጣላል፤ ብልቃጡ ውስጥ አይተውም። ደም የበዛበት ናሙናና በቅርቡ የተቀባ የብልት ክሬም ውጤቱን ያበላሻሉ፤ ወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ሌላ ቀን መቅጠር ካርትሪጅ ያተርፋል።

ላብራቶሪው ውስጥ ብልቃጡ 8 እስከ 10 ጊዜ ይገለበጣል፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወደ ካርትሪጁ ይገባል። ሴሎቹ ታች ስለሚዘቅጡ ሳይገለብጡ ከላይ መቅዳት የ«ኢንቫሊድ» ዋና መንገድ ነው። ካርትሪጁ አይናወጥም፤ ክዳኑም ናሙና ለመጨመር ካልሆነ አይከፈትም። ከኋላው የወጣችው ቀጭን ቱቦ ከተጣመመች መጠቀም ክልክል ነው።

የስህተት ኮዶቹ ሲለመዱ ብዙ ይናገራሉ። 2008 የግፊት መብዛት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ንፍጥ ወይም ቅንጣት መተላለፊያውን ዘግቶታል። 5007 የፕሮብ (ዘረመሉን ለይቶ ብርሃን የሚሰጠው ቁራጭ) ፍተሻው አለማለፉን፣ 5011 ደግሞ ዘረመሉን በማባዛቱ መሀል ሲግናል መጥፋቱን ይነግራል። በሦስቱም ጊዜ የሚደገመው በአዲስ ካርትሪጅና ከዚያው ብልቃጥ በተቀዳ ሌላ 1 ሚሊ ሊትር ነው። 5011 አንድ ሞጁል (አንድ ካርትሪጅ የሚሠራበት የማሽኑ ክፍል) ላይ ብቻ ከተደጋገመ ናሙናውን ሳይሆን ሞጁሉን ጠርጥሩ። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ካርትሪጁ ገደል ገባ፤ ከ1 ሰዓት በላይ የሚያቆይ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) የሌለው ጣቢያ ይህን ምርመራ ባይጀምር ይሻለዋል። ማሽኑ የሚሠራበት ክፍል ከ15 እስከ 30 ዲግሪ፣ ካርትሪጁ የሚቀመጥበት ከ2 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት። ቆላ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ስለ ክፍሉ ሙቀት፣ ቀጥሎ ስለ ካርትሪጁ ያስብ። በብልቃጥ ያለ ናሙና ግን ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ይህ ለሩቅ ወረዳ ትልቅ ነገር ነው። ፈሳሹ ሜታኖል ስላለበት ከእሳት ይራቅ።

አቅሙ ላይ ስንመጣ፣ ባለ 4 ሞጁል ማሽን በ8 ሰዓት ውስጥ በስሌት 32 ናሙና ይሠራል፤ መጫኛውና መድገሚያው ሲቀነስ ከዚያ ያንሳል፣ የቲቢ ናሙና ወረፋ ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 7.97 ዶላር የወረደው ዋጋ ለቲቢ ካርትሪጅ ነው፤ በጀት ስትሠሩ ያንን ቁጥር ለኤችፒቪው እንዳትወስዱ፣ የብልቃጡንና የብሩሹንም ወጪ ደምሩ። ለዘመቻ ከሆነ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ የሚሠራው ሌላ የኤችፒቪ ምርመራ፣ የአቲላ ስክሪንፋየር፣ ይሻላል፤ እሱም 16ን፣ 18/45ን፣ የ31ን ቡድንና የቀሩትን ለይቶ ይናገራል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ይህ ካርትሪጅ የሚያገኘው የቫይረሱን ዘረመል ነው፤ በሴቲቱ ሴል ውስጥ የደረሰውን ለውጥ አይደለም። አብዛኛው የኤችፒቪ ልክፍት በ2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ለውጡን የሚያዩት ሌሎች አመልካቾች ናቸው። ኢ7 አርቢን ሲያሰናክል ፒ16 የተባለው ፕሮቲን በሴሉ ውስጥ ይከማቻል፤ የሮሹ ሲንቴክ ፕላስ ፒ16ን ከመራባት ምልክቱ ኬአይ-67 ጋር አንድ ሴል ላይ ያቀልማል። ጥሩ ነው፣ ግን የሰለጠነ የሴል አንባቢ ይፈልጋል። የኪያጀን ኪያሹር ደግሞ በኤፍኤኤም19ኤ4 እና በኤምአይአር124-2 ጂኖች ላይ የተለጠፈውን የሜቲል ምልክት ይለካል፤ ይህ ምልክት ሲበዛ ካንሰርነት እየቀረበ ነው። ነገር ግን ዲኤንኤውን በቅድሚያ በቢሳልፋይት ኬሚካል መለወጥ ግድ ስለሆነ ካርትሪጅ እንደመጫን የሚቀል ሥራ አይደለም።

ፖዘቲቭ ከሆኑት ሴቶች መሀል ቁስል ያለባትን ለመለየት በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ዛሬ እጅ ላይ ያለው ማጣሪያ በአሴቲክ አሲድ ማየት ነው። በ2021ዱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ከ25 ዓመቷ፣ ሌሎች ከ30 ምርመራውን ይጀምራሉ። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ፖዘቲቭ ስትሆን ከሕክምና በፊት ማጣሪያ ይመከራል፤ ማጣሪያው ምንም ካላሳየ በ12 ወር፣ ኤችአይቪ የሌለባት ደግሞ በ24 ወር ኤችፒቪው ይደገማል።

በቲቢ ክፍሉ ሥራ ፈት ሞጁል ላለው ሆስፒታል ከ5 ውስጥ 4 ነጥብ እንሰጠዋለን፤ በቀን ከ50 በላይ ሴቶች ለሚያይ የዘመቻ ጣቢያ ከ2 አያልፍም። ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ የቴርማል አብሌሽን መሣሪያው (ቁስሉን በሙቀት የሚያክመው) እየሠራ መሆኑን። ውጤቱ በአንድ ሰዓት ደርሶ ሕክምናው ለሚቀጥለው ወር ከተቀጠረ ለማሽኑ ፍጥነት የተከፈለው ገንዘብ ባክኗል።