ሐዋሳ መቆየት ወይስ ዱባይ መሄድ? የአንድ የሆቴል ኩክ ሒሳብ

የዱባይ የሆቴል ሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሐዋሳ ሲደርስ ዓይን የሚገባው ደሞዙ ነው። «ኩክ፣ 1,800 ድርሃም።» ወዲያው የስልኩ ካልኩሌተር ይከፈታል፣ በብር ይመነዘራል፣ ሰባ ሁለት ሺህ ይመጣል። አሥራ ሁለት ሺህ ለምታህል የወር ገቢ ከንጋቱ ጀምሮ ምድጃ ዳር ለሚቆም ሰው ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ተራ ዝርዝር ነው። ነገሩ የሚወሰነው ግን በዚያው ዝርዝር ነው። ያው 1,800 ድርሃም አንዱን በወር 50 ሺህ ብር ያስቆጥበዋል፣ ሌላውን ከቤተሰቡ ብር እስከ መጠየቅ ያደርሰዋል።

ስለዚህ ከታች የማነጻጽረው ሁለት ሳይሆን ሦስት ምርጫ ነው፦ እዚሁ መቆየት፣ መኝታና ምግብ ያለው የዱባይ ውል፣ መኝታና ምግብ የሌለው የዱባይ ውል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ዱባይ» ብሎ አንድ ላይ መጨፍለቅ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ኩክን የመረጥኩት ከተማችን የሆቴል ከተማ ስለሆነች ነው፤ አስተናጋጅም ሪሴፕሽንም ብትሆኑ አካሄዱ ያው ነው። የደሞዝና የወጪ ቁጥሮቹ ለስሌት የያዝኳቸው ናቸው፣ በራሳችሁ ቁጥር ተኩና ሥሩት። ድርሃሙን በ40 ብር ይዤዋለሁ።

ሐዋሳ

እዚህ የሆቴል ገቢ ቋሚ ደሞዝና ሰርቪስ ቻርጅ (ከእንግዳው ሒሳብ ላይ ተወስዶ ለሠራተኛው የሚከፋፈለው) ነው። ሰርቪስ ቻርጁ ከከተማዋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ አልጋ አይገኝም፤ ፍቼ ጨምበላላ ላይም እንዲሁ። ቅዳሜና እሁድ የአዲስ አበባ እንግዳ፣ በሥራ ቀን የሥልጠናና የስብሰባ ቡድን አለ። በጾም ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የገባው ቆሮሶ ዓሣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ፊሌቶው ወጥቶ፣ አጥንቱ ለሾርባ ተቀምጦ እስኪያልቅ ኩክ ቀና አይልም። መሐል ላይ ግን ሆቴሉ ጭር የሚልባቸው ሳምንታት አሉ፣ ሰርቪስ ቻርጁም አብሮ ጭር ይላል። በአማካይ ያዙት እንጂ በንግሡ ወር አታስሉት።

ቋሚ ደሞዝ 9,000፣ ሰርቪስ ቻርጅ 3,000 እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፣ ከ10,000 እስከ 14,000 ያለው ክፍል ግን 30 በመቶ ይቆረጥበታል። በ12,000 ላይ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የጡረታ 7 በመቶ ከቋሚው ደሞዝ 630 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 9,120 ብር። አንድ ክፍል ቤት 3,500፣ ከሥራ ውጭ የሚበላው 2,500፣ ባጃጅ 900፣ ስልክና ልዩ ልዩ 700 ቢወጣ የሚተርፈው 1,520 ብር ነው። እቁብ ከገባችሁ ያ ብር እዚያው አለቀ።

ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ኩክ የቤት ኪራዩ ስለሚቀርለት 5,020 ብር ይተርፈዋል። ምክትል ሼፍ ሆኖ 25,000 ቋሚ ደሞዝ ቢያገኝስ? ግብር 6,700፣ ጡረታ 1,750፣ እጅ የሚደርሰው 16,550፤ በዚያው ኑሮ ቢቀጥል ወደ 9,000 ይተርፈዋል። ሐዋሳ ላይ የዕድገቱ ጣሪያ ይህን ይመስላል። የራስ ምግብ ቤት መክፈት ሌላ ታሪክ ነው፤ መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሰው ወደ ዱባይ የሚያየውም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው።

ዱባይ፣ ሁለት ዓይነት

የኤምሬትስ የሥራ ሕግ አሠሪው ወይ መኝታ እንዲሰጥ፣ ወይ የቤት አበል እንዲከፍል፣ ወይ ደሞዙ ውስጥ እንዲያካትተው ይፈቅዳል። ስለዚህ ውሉ ላይ «የቤት አበል ተካትቷል» ተብሎ ከተጻፈ መኝታ ፈላጊው እናንተ ናችሁ። ትልልቅ ሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ሰርቪስ አውቶቡስና የሥራ ቀን ምግብ ይሰጣሉ። ትንንሽ ሬስቶራንቶች ግን ብዙዎቹ ጥሬ ብር ሰጥተው ዞር ይላሉ።

መኝታ፣ ምግብና ትራንስፖርት ያለው፦
ደሞዝ 1,800። ስልክና ዳታ 130፣ የዕረፍት ቀን ምግብ 250፣ ልዩ ልዩ 170።
የሚተርፍ 1,250 ድርሃም፣ ማለትም 50,000 ብር።

የሌለው፦
ደሞዝ 1,800። ቤድ ስፔስ 800፣ ምግብ 600፣ ሜትሮና አውቶቡስ 230፣ ስልክ 100፣ ልዩ ልዩ 170።
ጉድለት 100 ድርሃም።

ቤድ ስፔስ ሲባል ክፍል እንዳይመስላችሁ። አልጋ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ተደራራቢ። ክፍሉን ሌሎች ሰዎች ይጋሩታል፣ ግላዊነት የሚባለው በአልጋው ዙሪያ በገመድ የተንጠለጠለ መጋረጃ ነው፣ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ይገባል። ዴይራ አካባቢ ከሆነ የአበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ቅርብ ነው። ርካሽ ፈልገው ሻርጃ የሚያድሩም አሉ፣ ነገር ግን ከሻርጃ ዱባይ ያለው የመኪና መጨናነቅ ከእንቅልፍ ሰዓት ላይ ይቆርጣል።

አሁን ሁለቱን ውሎች እኩል ለማድረግ እንሞክር። መኝታና ምግብ የሌለው ውል 1,250 ድርሃም እንዲያስቆጥብ ደሞዙ 3,150 መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር መኝታ ያለው 1,800 መኝታ ከሌለው 3,000 ይበልጣል። ደላላው «ይሄኛው 2,500 ይከፍላል፣ ያንን ተወው» ሲላችሁ ይህን አስሉ።

ሐዋሳ የሚቀረው ወጪ

50,000 ብር የሚተርፈው ለላጤ ነው። ሚስትና ልጅ መናኸሪያ ሰፈር ተከራይተው የሚቀሩ ከሆነ የሐዋሳው ወጪ ሰው ስለሄደ አይጠፋም፤ የሚቀነሰው የአንድ ሰው ምግብና ባጃጅ ብቻ ነው። ለቤቱ በወር 20,000 ብር ከተላከ ቁጠባው 30,000 ይሆናል። ከዚያ ደግሞ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የአጎት ልጅ ሠርግ፣ የሰፈር ለቅሶ፣ የታናሽ ወንድም የኮሌጅ ክፍያ። እዚህ እያለ መቶ ብር የሚጠየቅ ሰው እዚያ ሲደርስ አሥር ሺህ ይጠየቃል። ከመሄዳችሁ በፊት በወር ምን ያህል እንደምትልኩ ለቤተሰብ ቁርጡን ተናገሩ፤ ከሄዳችሁ በኋላ የሚነገር ቁጥር እንደ ንፍገት ነው የሚቆጠረው።

ምንዛሪውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 አለፈ። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ገደማ የታሰረ ስለሆነ አብሮ ወጥቷል። ብር ሲወርድ ድርሃም የሚያገኘው ይጠቀማል፤ ቁጠባውን ሁሉ በየወሩ ወደ ብር እየቀየረ የሚያስቀምጥ ግን ያንን ጥቅም መልሶ ያጣዋል። ውጭ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ እዚህ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል፤ የቤት አስቤዛውን በብር ልኮ የቀረውን በዚያ ሒሳብ ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

የመሄጃው ዋጋ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ለሠራተኛው የቀረው ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃና የሙያ ብቃት ምዘናን የመሰለ ነው። የኤምሬትስ ሕግም አሠሪው የቅጥር ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው እንዳይወስድ ይከለክላል። እንግዲህ ለቪዛ 150,000 ብር የሚጠይቅ ሰው የሚያስከፍላችሁ በሁለቱም አገር ሕግ የእናንተ ያልሆነ ወጪ ነው።

ከፍለው የሚሄዱ መኖራቸው አይካድም። ሒሳቡን እንየው፦ መኝታ ባለው ውል 150,000 ብር የሦስት ወር ቁጠባ ነው፣ መኝታ በሌለው ውል ግን መቼም አይመለስም። ሦስት ወሩም ቢሆን ሥራው ከቆየ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ጊዜ አሠሪው በ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። በአራጣ የተበደረ ሰው በሁለተኛው ወር ቢሰናበት ወለዱ ሐዋሳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

በቪዚት ቪዛ ሂዱና እዚያ ሥራ ታገኛላችሁ የሚለውን እኔ ከነጭራሹ ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ። በቪዚት መሥራት ሕገወጥ ነው፣ ቀኑ ካለፈ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጥራል፤ በወር 1,500 ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተሳካላቸው ሰዎች ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ያልተሳካላቸው ምንም አይለጥፉም።

ገንዘብ ያልሆነው

የሥራ ሰዓቱ ሁለቱም አገር በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት ግን እዚህ በቀን ሲሠራ አንድ ተኩል ይከፈላል፣ እዚያ በመሠረታዊ ደሞዝ (አበል ሳይጨመር) ላይ 25 በመቶ ተጨምሮ ነው። እዚያ ሌሊት 50 በመቶ የሚለው ለፈረቃ ሠራተኛ አይሠራም፣ ሆቴል ደግሞ ፈረቃ ነው። ዓመት ፈቃድ እዚያ 30 ቀን፣ እዚህ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። የወሊድ ፈቃድ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፦ እዚህ 120 ቀን በሙሉ ደሞዝ፣ እዚያ 60 ቀን፣ ከዚያውም 15ቱ በግማሽ ደሞዝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ይህን ከደሞዙ እኩል ብታየው ደግ ነው።

ጡረታ እዚያ ለውጭ ሠራተኛ የለም። በምትኩ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሠራ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደሞዝ። የሚሰላው ግን በመሠረታዊ ደሞዝ ብቻ ነው፤ ሰው ሳያነብ የሚፈርምበት መስመርም ይህ ነው። «መሠረታዊ 1,000፣ አበል 800» ተብሎ የተከፈለ ውል በሁለት ዓመት 1,400 ድርሃም ያስገኛል። ሙሉው 1,800 መሠረታዊ ከሆነ 2,520 ይሆናል። በብር ወደ 45 ሺህ የሚጠጋ ልዩነት በአንድ መስመር ይጠፋል። የትርፍ ሰዓቱም ክፍያ እንዲሁ፦ በ1,000 መሠረታዊ አንዷ ትርፍ ሰዓት 5 ድርሃም ከትንሽ ናት፣ በ1,800 ከ9 ታልፋለች።

ለማን የቱ?

ላጤ ሆኖ፣ የሆቴል ልምድ ኖሮት፣ መኝታና ምግብ ያለው ውል በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ያለ ደላላ ክፍያ ያገኘ ሰው ይሂድ። በገንዘብ ከተለካ ሐዋሳ አይወዳደረውም፣ ምክትል ሼፍ ሆኖም ቢሆን። ሁለት ዓመት በሠራተኛ ካምፕ መኖር ቀላል እንዳልሆነ አውቆ ይሂድ እንጂ።

ትንሽ ልጅ ያላት፣ ሐዋሳ ላይ ከእናቷ ጋር ያለ ኪራይ የምትኖርና ሙሉ የሰርቪስ ቻርጅ የምታገኝ ሴት ግን በእኔ ግምት ከ1,800 በላይ እስኪመጣላት ብትጠብቅ ይሻላታል። ልጁን የምትይዘው አያት ብትሆንም የሚላከው ብር ከቁጠባው ላይ ነው የሚወጣው።

መኝታ የሌለው ውል ከ3,000 ድርሃም በታች ከሆነ ለማንም አልመክርም። ተበድሮ የሚሄድማ ጭራሽ።

ውሉን ተቀብላችሁ ገና ካልፈረማችሁ ለአሠሪው ሦስት ነገር ጽፋችሁ ጠይቁ፦ መኝታው የድርጅቱ ነው ወይስ አበል? በዕረፍት ቀን ምግብ አለ? ከ1,800ው መሠረታዊው ስንት ነው? መሠረታዊው 1,000 ከሆነ 1,400 እንዲያደርጉት ጠይቁ፤ ጠቅላላው ስላልተለወጠ በወር የሚከፍሉት አይጨምርባቸውም፣ አንዳንዱ አሠሪ እሺ ይላል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ፣ ፊርማው ካረፈ በኋላ የሚቀይርላችሁ የለም። ከዚህኛው ሆቴል የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንም ተቀበሉ፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም አትጣሉት። ተመልሳችሁ ስትቀጠሩ አገልግሎቱ ካቆመበት የሚቆጠረው በእሱ ነው።