ከመብራትም ከጄኔሬተርም የሚቀበል ቦርድ ልትገዙ ከሆነ ይህን ሳታዩ ብር አትክፈሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ወርክሾፕ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ሆቴል ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ከመብራትም ከጄኔሬተርም የሚቀበል ቦርድ (ብሬከሮች የተደረደሩበት የኤሌክትሪክ ሳጥን) ተገጣጥሞ በርካሽ ይሸጣል። ኮምቦልቻ ላለው የእንጨት ሥራችን አንዱን ገዛን። ሻጩ የነገረን አምፔሩን ብቻ ነው። ሌላውን ስንጠይቀው «አብሽሩ፣ ኦሪጅናል ነው» አለን።

አንድ ቀን የአንዱ መጋዝ ገመድ ሾርት አደረገ። መውደቅ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን መቁረጥ የነበረበት የመጋዙ ብሬከር ነው። የወደቀው ግን ዋናው ነው፤ ግቢው በሙሉ ቆመ። ባለሙያ ጠርተን ቦርዱን አስከፈትን።

ዋናውም የማሽኖቹም ብሬከሮች ያለ ምንም መዘግየት የሚወድቁ ናቸው። ማን ቀድሞ እንደሚቆርጥ ያሰበበት ሰው የለም። የማሽኖቹ ብሬከር ላይ ደግሞ በትንሽ ሳጥን ውስጥ 6000 ተጽፏል። ብሬከሩ ሾርት ሲፈጠር ሊቆርጠው የሚችለው ትልቁ አምፔር ማለት ነው። የእኛ ትራንስፎርመር 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ ኢምፒዳንሱ (ሾርት ሲፈጠር ጅረቱን የሚገታበት መጠን) 4 ከመቶ። ሙሉ ጭነቱ በ400 ቮልት 455 አምፔር ገደማ ነው። አጠገቡ ሾርት ቢፈጠር ግን ከ11 ሺህ አምፔር በላይ ይለቃል። ገመዱ ሲረዝም ይቀንሳል፤ የእኛ ቦርድ ግን ያለው እዚያው አጠገቡ ነው። 6 ሺህ የሚችል ብሬከር በዚህ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት እኩል ትራንስፎርመሮችን አንድ ላይ የምታገናኙ ከሆነ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል።

ጄኔሬተር ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ሾርት ሲፈጠር የጄኔሬተር ጅረት ከመጀመሪያው ቅጽበት በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ሙሉ ጭነቱ 3 እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። «ሲ» (C) የሚል ብሬከር ደግሞ በቅጽበት የሚቆርጠው ጅረቱ ብሬከሩ ላይ ከተጻፈው አምፔር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በመብራት ጊዜ ቶሎ የሚወድቅ ትልቅ ብሬከር፣ በጄኔሬተር ጊዜ ገመዱ እየጋለ ዝም ሊል ይችላል። ስሌቱ ለሁለቱም ምንጭ ለየብቻ መሠራት አለበት።

ከሁሉም ያስደነገጠን ግን ኢንተርሎክ፣ ማለትም ሁለቱ ምንጮች አንድ ላይ እንዳይበሩ የሚከለክል መቆለፊያ የሌለው መሆኑ ነው። የመብራቱና የጄኔሬተሩ ብሬከሮች አንድ ላይ ይነሳሉ! መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እየሠራ አንድ ሰው የመብራቱን ቢያነሳው፣ ኤሌክትሪኩ በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ አልፎ 15 ኪሎ ቮልት ሆኖ መስመሩ ላይ ሊወጣ ይችላል። ምሰሶ ላይ የሚጠግነው ሠራተኛ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ነው የሚነካው። ይህን ቦርድ የሚሸጥ ሰው በሰው ነፍስ እየነገደ ነው።

ደሴዎች፣ ለእናንተ አንድ ተጨማሪ አለ። የብሬከር መደበኛ መለኪያ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። ደሴ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ብሬከሩ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ አቅሙ ይቀንሳል። ከአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ ጠይቁ።

ቦርዱን ልንመልስ ስንሄድ «የተገጠመ አይመለስም» ተባልን። ደረሰኙ ላይ ያለው «ቦርድ» የሚል ቃል ብቻ ስለሆነ የምንከራከርበት አጣን። እናንተ የብሬከሮቹን ስም፣ ሾርት ሲፈጠር ስንት ኪሎ አምፔር (ሺህ አምፔር) እንደሚቆርጡና ኢንተርሎክ እንዳለው ሳታስጽፉ አትክፈሉ። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ቦርዱ ከምንም ጋር ሳይገናኝ፣ ሁለቱን ብሬከሮች አንድ ላይ ለማንሳት ሞክሩ። ከተነሱ ትታችሁት ውጡ። ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ባለሙያ ኢንተርሎክ እስኪገጥምላችሁ ጄኔሬተሩን አታስነሱ።