ቦዬ ጋ ፒክአፓችንን ያወረደልን የክሬን አገልግሎት

ጂማ ልንገባ ስንል፣ ቦዬ ጋ፣ የተጎታቹ ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከመው የብረት ሞላ) ተሰበረ። ላዩ ላይ ሁለት ቶን የሚያልፍ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ተጭኗል፤ ወደ ጎን አዘንብሏል። ከከተማ የጠራነው የክሬን ባለሙያ ደርሶ ወዲያው መንጠቆ አልሰቀለም። መጀመሪያ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስደረገ። ክሪኩን አክስሉ ሥር ከማስገባቱ በፊት ወፍራም ጣውላ አነጠፈ፤ ዝናብ የጠገበ አፈር ክሪክ ይውጣል። የፒክአፑን ማሰሪያ የፈታው ክብደቱን ክሬኑ ከያዘው በኋላ ነው። ቀድሞ ቢፈታ መኪናው ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ይገባ ነበር። የክሬኑን ማንሻ ቀበቶም ባምፐር ላይ ሳይሆን ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ላይ አሰረ። እውነት ለመናገር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ አላየሁም። መኪናው ጭረት እንኳን የለውም። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ግን አስቀድሞ በተናገረው ጸና። ማታ አለመሥራታቸው ብቻ ቅር ይላል።