ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው፦ ኬብል፣ ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ የሲም ራውተር?

ስብሰባ መሀል ድምፅዎ ይቆራረጣል፣ ቪፒኤኑ (ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ይቋረጣል፣ ፋይሉ አልላክ ይላል። ብዙ ሰው በንዴት ሱቅ ሄዶ ያገኘውን ዕቃ ይገዛል። ኪስዎን ከመንካትዎ በፊት ችግሩ የት ጋ እንዳለ ይለዩ።

ላፕቶፑን ይዘው ራውተሩ አጠገብ ይቀመጡ። እዚያ በደንብ ከሠራ፣ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው፤ ጠረጴዛዎ ጋ በደንብ አይደርስም ማለት ነው። እዚያም ካልሠራ በዚያው ዋይፋይ ስልክዎን ይሞክሩ። ስልኩም እምቢ ካለ መስመሩን ወይም ራውተሩን ይጠርጥሩ። ፋይበር ከሆነና ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ የትኛውም ሪፒተር (የዋይፋይ ምልክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ዕቃ) አያድንዎትም። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ 994 ይደውሉ። ስልኩ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ ከቀረ ደግሞ ጉዳዩ የቪፒኤኑ ወይም የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል ነው። ምንም አይግዙ።

ዋይፋዩ ከሆነ የእኔ ምርጫ ኬብል ነው። ግድግዳ አያግደውም፣ የጎረቤት ራውተር አይረብሸውም። ካት 5ኢ የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ለሚወደደው መክፈል ለአንድ ላፕቶፕ ብክነት ነው። ሲገዙ ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በርካሽ ይሸጣል፤ ሽቦው ሲፋቅ ነጭ ብረት ከታየ እሱ ነው። ላፕቶፑ የኬብል መሰኪያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ጥንቃቄ! ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ነው። ማገናኛው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ጫን ካለና የአድሚን ፈቃድ ከሌለዎት ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ አይቲን ይጠይቁ።

ኬብል መዘርጋት የማይቻልበት ቤት አለ፤ በተለይ ኪራይ ሲሆን አከራይ ግድግዳ አያስበሳም። ያኔ ሪፒተር ይመጣል። ርካሽ ነው፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ መጠቀም ነው። ግን በአንድ ባንድ (የሞገድ መደብ) ብቻ የሚሠራው ተቀብሎ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሰዎች ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል። የሌለውን ምን ብሎ ያስተላልፋል? ቦታው መሀል መንገድ ላይ፣ ምልክቱ ገና ጥሩ የሆነበት ነው። እንዲያውም ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ከዋይፋይ ባንዶች 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ይሻገራል ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ በጎረቤት ዋይፋይ ይጨናነቃል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ኮንክሪት ግን ያዳክመዋል። ሁለቱንም ይሞክሩ።

ሜሽ፣ ማለትም ቤቱ ውስጥ ተበትነው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩ ጥቂት ዕቃዎች፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ቤቱ ፎቅ ካለውና ሁሉም ክፍል ኢንተርኔት ከፈለገ ያዋጣል። ለአንድ ጠረጴዛ ብቻ ከሆነ ይተዉት።

መስመሩ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሦስቱም አይረዱም፤ ሲም የሚገባበት ራውተር ነው የሚያስፈልገው። የቤቱ መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነና ሳፋሪኮም ሰፈርዎ በደንብ ከገባ ሲሙን ከሳፋሪኮም ያድርጉት፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይቆያል። ራውተሩ የማንኛውንም ሲም እንደሚቀበል ያረጋግጡ፤ በአንድ ድርጅት የተቆለፈ አለ። ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ሲም ስልክዎን ሆትስፖት አድርገው፣ በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ሙሉ የሥራ ቀን ይሞክሩ። ጥራቱ ከፍ ያለ የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋባይት አካባቢ ሊበላ ስለሚችል ጥቅሉንም ያስሉ። ዊንዶውስ ላይ ያንን ዋይፋይ "ሚተርድ" (ዳታው የተገደበ) ብለው ከመረጡት ብዙው አፕዴት በዳታዎ አይወርድም።

መብራት ሲሄድ ብቻ ኢንተርኔቱ የሚጠፋ ከሆነ ከሁሉም በፊት ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ይግዙ። አብዛኛው ራውተር 12 ቮልት ነው፣ 9 ቮልትም አለ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ቮልቱም አምፔሩም የሚስማማውን ይምረጡ። የፋይበሩ ሣጥንና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ፤ ሁለት መውጫ ያለውን ይያዙ።