በስፔኗ ጋንዲያ ከተማ ባሕር ዳር ቤት ለምትከራዩ የርቀት ሠራተኞች፦ «ለዕረፍት» የሚለውን ቃል ሳታዩ አትፈርሙ

ይህን የምጽፈው ነገሩ ከተፈጸመ ገና በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ቃሌ ቢከር አትፍረዱብኝ። በስፔን የባሕር ዳር ከተሞች የብርዱን ወራት ያሳለፋችሁ ሁሉ እነዚያን የቤት አከራይ ቢሮዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ የማድሪድ ሰዎች የዕረፍት ቤታቸውን ዘግተው ሲሄዱ ባዶውን ቤት ከኦክቶበር እስከ ጁን ለእኛ ያከራዩታል፣ ጁላይ ሲገባ ደግሞ እኛን አስወጥተው በሳምንት ሂሳብ ለቱሪስት ይሰጡታል። ይህን አውቄ ስለገባሁበት ቅሬታዬ በዚህ አይደለም።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ላለ ድርጅት ነው። ስፔን የገባሁትም በ2022 መጨረሻ የወጣው ሕግ ለርቀት ሠራተኞች በፈቀደው ቪዛ ነው። የሥራ ሰዓቴ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት አንድ ምሽት እንኳ መዋል አልችልም። ቤቱን ያከራየችኝ ደላላ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ቤቱን ከማሳየቷ በፊት የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃዬን፣ የቅጥር ውሌንና የቪዛዬን ቅጂ ተቀብላ አንድ በአንድ አገላብጣ አይታለች። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቤቱ ከዋናው ከተማ ራቅ ብሎ ባሕሩ ዳር ከተደረደሩት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ላፕቶፔን ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ስከፍት የይለፍ ቃሉን ከስልኳ እያነበበች ነገረችኝ፣ ፍጥነቱን ስለካው ከ300 ሜጋ በላይ አሳየ። «ካሪኞ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ባሕሩን እያየህ ትሠራለህ» አለችኝ። ካሪኞ ማለት በእኛ «ውዴ» እንደማለት ነው። በማግስቱ ቢሮዋ ቆሜ አምስት ገጽ የስፔንኛ ውል ፈረምኩ፤ «ሌላ ተከራይ እየጠበቀ ነው» ስላለችኝ ብቻ። አዲስ አበባ እያለሁ አንዲት ሰርቪስ ቤት ስከራይ እንኳ ምስክር አስቀምጬ፣ ውሉን ሦስት ጊዜ አስነብቤ የምፈርም ሰው ነበርኩ! የከፈልኩት የአንድ ወር ኪራይ 750 ዩሮ፣ የሁለት ወር መያዣ 1,500 ዩሮ፣ እንዲሁም 21 በመቶ ታክስ የተጨመረበት የኮሚሽን ክፍያ 907.50 ዩሮ ነው፤ በድምሩ 3,157.50።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ያ ኔትወርክ ከዝርዝሩ ጠፍቷል። ቤቱን ሙሉ ብፈትሽ ራውተር የሚባል ነገር የለም፤ ከመግባቴ በፊት አንዴ ዞር ብዬ አለማየቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ላፕቶፔን በእጄ እንደያዝኩ ወደ ቢሮው ስደርስ ለምሳ ሊዘጉ ሩብ ሰዓት ቀርቷቸው ነበር። ደላላዋ ቀና ብላ አየችኝና «ሲ፣ ሴኞር?» አለች፣ «አቤት ጌታዬ?» እንደማለት፤ ካሪኞነቴ በአራት ቀን ውስጥ አብቅቷል። መስመሩ የጎረቤት እንደነበረ፣ ጎረቤቱም ማድሪድ ሲመለስ እንዳስቋረጠው ያለ ምንም ኀፍረት ነገረችኝ። «ቤቱ ኢንተርኔት አለው ብለሽኝ አልነበረም?» ስላት የፈረምኩትን ውል ከመሳቢያ አወጣችና ወደ እኔ አዙራ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው፦ «ቫካሲዮኔስ»፣ «ዕረፍት» ማለት ነው። ከዚያም ከኋላዋ ወዳለችው ባልደረባዋ ዞር ብላ ፈገግ እያለች «በውሉ መሠረት እርስዎ እዚህ የመጡት ለዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

የደመወዝ ማስረጃዬን በገዛ እጇ የተቀበለችው ሴት ናት ይህን የምትለኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በሜይ 2023 በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት ለመኖሪያ በሚከራይ ቤት የደላላውን ክፍያ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ በሕግ የተቀመጠው መያዣም የአንድ ወር ብቻ ነው። ውሉ «ጊዜያዊ፣ ለዕረፍት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ኮሚሽኑ በተከራዩ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ መያዣውም የሁለት ወር ይሆናል። ያቺ አንዲት ቃል እዚያ ገጽ ላይ የተቀመጠችው 907 ዩሮዬን ለመውሰድ ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ በማዘጋጃ ቤት በነዋሪነት መመዝገብን የሚከለክል አንቀጽም ከሥሯ ተጽፏል፤ መመዝገብ በሕግ የነዋሪው ሁሉ ግዴታ ሆኖ ሳለ።

የአቤቱታ ቅጽ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ማንኛውም የንግድ ቤት ቅጹን የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ይህንኑ የሚገልጸው ማስታወቂያም ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «አልቋል» አለችኝና ቁልፏን አንስታ ተነሣች። እኔ ገና ደፉ ላይ እንዳለሁ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቤ ድረስ አወረደችው፤ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ውሉን ከአንድ ቀን በፊት በኢሜይል አስልኩና «ቴምፖራዳ» (ጊዜያዊ ኪራይን የሚያመለክት ቃል) እና «ቫካሲዮኔስ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ፤ ራውተሩንም በዓይናችሁ አይታችሁ የማን ስም ላይ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ለጊዜው የምሠራው በስልኬ ኢንተርኔት ነው። የፋይበር ኩባንያው ግድግዳውን ለመብሳት የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልገኛል ብሏል፤ የባለቤቱ ስልክ ያለው ደግሞ ደላላዋ ዘንድ ብቻ ነው።